እድራችን ለቡአ ታካሚም ይድረስ

በጅማ የቡና መጋዘኖች በር ላይ 60 ኪሎ ግራም ጆንያ ተሸክመው ወደ መኪና ከሚወጡት ጫኝና አውራጆች መካከል ብሽሽታቸውን በጨርቅ ጠፍረው የሚውሉ አሉ። ጠዋት ሲነሡ የሌለ፣ ሲያስሉና ሲሸከሙ የሚወጣ፣ በጀርባ ሲተኙ ደግሞ ተመልሶ የሚገባ እብጠት አለባቸው። ለሚስት እንኳ የማይነገር ሕመም ነው።

በተለምዶ ቡአ፣ በሐኪሞች አጠራር ሄርኒያ የሚባለው ይህ ሕመም የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ አንጀት ወይም ሞራ ሾልኮ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። (በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ውሃ ሲቋጥርም ቡአ እንላለንና ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።) የወንድ ልጅ የዘር ፍሬ ከሆድ ወደ ከረጢቱ የሚወርድበት መንገድ ብሽሽት ላይ ደካማ ቦታ ስለሚተው፣ በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ወንዶች 27 ያህሉን፣ ከ100 ሴቶች ግን 3 ያህሉን ብቻ ያጠቃል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሸክም ላይ መጫን ትክክል አይደለም፤ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና በፕሮስቴት (በወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ባለው ዕጢ) ምክንያት ለሽንት ማማጥም ድርሻ አላቸው።

የሚያስፈራው የወጣው አንጀት ተቆልፎ ደም ሲያጣ ነው። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠጠረና ካመመ፣ ትውከት ከተከተለ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ፣ አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በሽተኛው ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በዚያ ሰዓት እብጠቱን አሽቶ በግድ ለማስገባት መሞከር የሞተ አንጀት ወደ ሆድ መመለስ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ግን የቆየና የተፈተነ ነው። ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ባሲኒ የሳሳውን ግድግዳ በስፌት የማጠናከር ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው ቦታውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ መረብ ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜም አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ መሥራት ይቻላል። መረቡ ውድ ነው ለሚሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ በኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከአጎበር ጨርቅ ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳ ርካሽ መረብ ከውዱ ጋር የሚስተካከል ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ሕመሙ ቀላል የሆነለት ወንድ በሐኪም ክትትል ሊቆይ እንደሚችል የአሜሪካ ጥናቶች መናገራቸው እውነት ነው። ያ ምክር ግን ሌሊት ቢያመው አምቡላንስ ጠርቶ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለሚደርስ ሰው የሚሠራ እንጂ፣ መኪና መንገድ ለመድረስ ቃሬዛ ለሚያስፈልገው የገጠር ሰው የሚሆን አይመስለኝም።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? ዕፍረቱና ፍርሃቱ እንዳሉ ሆነው፣ ለእኔ ትልቁ ምክንያት የቀን ገቢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሕክምናው ወጪ ቢቀልለት እንኳ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ ሸክም ሳያነሣ የሚቆይባቸውን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ቤቱ በምን ይበላል? «ታከም» እያልን ብቻ መምከራችን ይህን ጥያቄ መሸሽ ነው።

ስለዚህ እድሮቻችንና የጫኝና አውራጅ ማኅበራት አባል ሲሞት ከሚያወጡት ገንዘብ ከፊሉን፣ አባሉ ታክሞ ለሚያርፍባቸው ሳምንታት እንዲመድቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። ክፍያው ሐኪም በሚጽፈው የዕረፍት ወረቀት ላይ ቢመሠረት ለክርክር በር አይከፍትም፤ ቡናው ተጭኖ አልቆ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት አባላቱ በየተራ ቢታከሙ ደግሞ የማኅበሩም ሥራ አይጓደልም።