ይድረስ ለ«ከባንክ ነው የምደውለው» ወንድማችን

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ጎንደሮች ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱም ብዙ አይቆይም፤ ትደውላለህ።

መቼም እንዳንተ ያለ ትጉህ የባንክ ሠራተኛ አይተን አናውቅም። እኛ ፒያሳ ወረፋ ይዘን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተም የለም» ተብለን የምንመለስ ሰዎች ነን። አንተ ግን እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን ሳናወልቅ ትደውላለህ። «ውድ ደንበኛችን፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ስለሆነ ልናግዝዎ ነው» ትላለህ። ያውም በአንቱታ! የሚያጋልጥህም ይኸው ነው። ባንካችን እንዲህ አክብሮን አያውቅም።

ሰሞኑን ለአክስቴ ደውለህላት ነበር። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው እማማ» ስትላት፣ «ውይ የኔ ልጅ፣ የት ነው አገርህ? እናትህ አለች?» አለችህ። የእናትህን ጤና ተናግረህ ሳትጨርስ ጀበናው ገነፈለ። ጠበቅካት። ከዚያ «በስልክዎ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ገብቷል፣ ያንብቡልኝ» አልካት። መነጽር ፍለጋ ሄደች። አሁንም ጠበቅካት፤ ትዕግሥትህ ለገዳም ነበር። አክስቴ ደግሞ ስታነብ ከላይ ነው የምትጀምረው። «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ ይላል። ልጄ፣ ይኼ ማንም የሚሉት አንተን ይሆን እንዴ?»

ጆሮዋ ላይ ዘጋህባት። እሷ እስካሁን «ካርድ ጨርሶበት ነው፣ ምስኪን» እያለች ነው።

ለነገሩ ያን ቁጥር ያስላክኸው አንተው ነህ። በእሷ ስልክ ቁጥር አካውንቷ ውስጥ ልትገባ ስትሞክር እውነተኛው የባንክ ሲስተም «የአካውንቱ ባለቤት አንቺ ነሽ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ደጃፏ ላይ ቆመህ «እማማ፣ ቁልፉን በመስኮት ያቀብሉኝ» እንደማለት ነው። ያለዚያ ቁጥር ደጅ ላይ ነህ። የሚስጥር ቁጥሯንም ቢሆን ባንክ ደውሎ አይጠይቃትም። ስጋት የገባት ቀን ራሷ ትደውላለች፤ የንግድ ባንኩ 951 ነው፣ አንተ ከሰጠሃት ቁጥር ይልቅ በቃል ለመያዝ ይቀላል።

ዘመዶችህም ደህና ናቸው። ያ ኤቲኤም ጋ ቆሞ ጡረተኛ ሲያይ «አባባ፣ ላግዝዎ?» የሚለው የአጎትህ ልጅ ሥራ አላጣም። ካርዱን ይቀበላል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ ያንኑ የመሰለ የሌላ ሰው ካርድ ይመልሳል። አባባም መርቀውት ይሄዳሉ! ካርዱ ላይ ያለውን ስም ቢያነቡ ኖሮ ምርቃቱ ይቀየር ነበር።

ባለ ስክሪንሾቱ ወንድምህ ደግሞ በዓል ይወዳል። ጥምቀት ሲሆን ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ባለሱቁ ፋታ ያጣል። እሱ ስልኩን ብልጭ አድርጎ «ይኸው፣ ልኬያለሁ» ይልና ዕቃውን ይዞ ላጥ። ፎቶውን እኮ ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ ነው የሚያሳየው፤ ቀኑን እንኳ አልቀየረውም። አንዳንዴም «ገቢ ተደርጓል» የሚል መልእክት ራሱ ጽፎ ይልካል። ቴሌብር መልእክት የሚልከው በ127 ነው። የእሱ ከ09 ይመጣል፣ የፊደል ግድፈቱም አብሮ ይመጣል። ደግሞ ወዲያው «በስህተት ነው የላክሁት፣ ወንድሜ ሆስፒታል ነው፣ መልሱልኝ» ብሎ ያለቅሳል። እኛም ክፉዎች ሆነን መጀመሪያ *127# ደውለን ሂሳባችንን እናያለን። የገባ ብር የለም። ለቅሶውም ያኔ ያልቃል።

ሥራህ ሕግ እንዳለውም ሳትሰማ አትቀርም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይባላል። በእረፍት ሰዓትህ እንድታነበው ፎቶ ኮፒ አድርገን ልንልክልህ አስበናል። ግን ማንነትህን ማረጋገጥ ስላለብን ሙሉ ስምህን፣ የመታወቂያ ቁጥርህንና አሁን በስልክህ የሚገባውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ላክልን። ቶሎ በል እንጂ ወንድምዓለም፣ ሲስተሙ ሊዘጋ ነው።