ከማገዶ የተረፈ አምላክ

ነቢያቱ የእስራኤልንና የይሁዳን ሰዎች «አመንዝራ»፣ «ከዳተኛ» እያሉ ስማቸውን አጠፉት እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የእነሱን ያህል ቆጣቢ ሕዝብ አልታየም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 44ን ያነበበ ይመስክር። ሰውየው ዝግባ ይቆርጣል። (ዛፉን ያሳደገው ዝናብ ነው፤ ዝናቡን ማን ሰጠው የሚለውን ለጊዜው እንተወው።) ግማሹን ይማግዳል፤ በፍሙ ዳቦ ይጋግራል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ ከጠገበ በኋላ እጁን እያሞቀ «እሰይ፣ ሞቀኝ!» ይላል። የተረፈውን ጉማጅ ገመድ ዘርግቶ ይለካዋል፣ በቀለም ያሰምርበታል፣ በመሮ ይጠርበዋል፣ መልከ መልካም ሰው አስመስሎ ያቆመዋል። ከዚያ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ «አምላኬ ነህና አድነኝ!» ይለዋል። ምድጃ የገባው ፍልጥና መቅደስ የገባው ፍልጥ የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው፤ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው መጥረቢያውን የያዘው ነው። ለምእመኑ ይህን ያህል ሥልጣን የሚሰጥ ሃይማኖት ከየት ይገኛል?

ጥራቱም አይታማም። እንጨቱ የማይነቅዝ መሆን አለበት፤ ነቀዝ አምላክና ወንበር አይለይማ። ብሩ ከተርሴስ ድረስ ይመጣል፣ ልብሱ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ዋናው ነገር ግን ሚስማሩ ነው፤ ኢሳይያስም ኤርምያስም ሳያነሱት አላለፉም። በደንብ ካልተመታ ዓለምን ያጸናል የተባለው ጌታ ራሱ ይንገዳገዳል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ተሸካሚ ይፈለግለታል። ቤልና ናባው፣ የባቢሎን ታላላቆቹ፣ ኢሳይያስ እንዳለው ወደ ምርኮ የሚሄዱት በከብት ጀርባ ተጭነው ነው። ለደከመው ከብት ግን አንድም ሰው ዕጣን አላጠነለትም።

የእስራኤል ንጉሥ ኢዮርብዓምም ምስጋናው ይድረሰው። «ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት ይበዛባችኋል» ብሎ ለሕዝቡ አዝኖ ሁለት የወርቅ ጥጃ አሠራ፤ አንዱን ዳን፣ አንዱን ቤቴል አቆመ። ቤቴል ከኢየሩሳሌም 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ሕዝቡ ለመሥዋዕት በወጣ ቁጥር ልቡ ወደ ይሁዳ ንጉሥ ወደ ሮብዓም ይመለሳል ብሎ መስጋቱን መጽሐፉ ይናገራል፤ እኛ ግን ስለ ሕዝቡ እግር መራራቱን እንያዝለት።

የቤተሰብ ፍቅር የሚማር ካለ ደግሞ ኤርምያስ ምዕራፍ 7ን ይክፈት። ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፣ አባቶች እሳት ያነድዳሉ፣ እናቶች ሊጥ ያቦካሉ፤ «የሰማይ ንግሥት» ለሚሏት ጣዖት እንጎቻ ይጋገራል። ሥራ የፈታ የለም! ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ፈርሳ ግብፅ ከተሰደዱ በኋላም እንኳ ለነቢዩ የሰጡት መልስ በጥናት የተደገፈ ነበር፦ ስናጥን ጠግበን ነበር፣ ካቆምን ወዲህ ግን ሁሉ ነገር ጎደለብን። ሴቶቹም «ባሎቻችን ሳያውቁ ነው እንዴ የጋገርነው?» ብለው አከሉበት። እህሉን፣ ወይኑንና ዘይቱን አንዱ ይሰጣል፣ ደረሰኙ በበኣል ስም ይቆረጣል፤ ሆሴዕ ሲጮኽ የኖረው በዚህ ሒሳብ ነው።

ደግሞም እግዚአብሔርን ተዉት ማለት ሐሰት ነው። ማን ተወው? ሶፎንያስ እንደሚለው በእሱም ይምላሉ፣ በአሞናውያን ጣዖት በሚልኮምም ይምላሉ። ሕዝቅኤል ያያቸው 25 ሰዎች ከመቅደሱ ግቢ አልወጡም፤ በወለሉና በመሠዊያው መካከል ቆመው ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጡ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ለፀሐይ ሰገዱ። መቅረት ቀርቶ ማርፈዳቸውም አልተጻፈም።

እንዲህ ያለውን ትጋት አሞጽ ብቻ ነው በወጉ ያሞገሰው፦ «ወደ ቤቴል ኑና በድሉ!» ካህኑ አሜስያስ ግን ሽሙጡ ገባውና አባረረው፤ ይሁዳ ሄደህ እንጀራህን ብላ፣ ቤቴል የንጉሥ መቅደስ ናት አለው። የማን መቅደስ እንደሆነች ሲናገር እግዚአብሔርን አላነሳም፤ ሰውየው ቢያንስ አልዋሸም።