ማስተካከያ፦ 2,100 ኪሎ ግራም የመኪናው የባዶ ክብደት አይደለም

ስለ ኮምፓክት ኤስዩቪ (ከመሬት ከፍ ያለ አነስተኛ የቤተሰብ መኪና) ክብደት ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ በምሳሌነት የጠቀስኩት መኪና ባዶውን 2,100 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ገልጬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይህ ቁጥር መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ ከዚያ ማለፍ የሌለበት ጠቅላላ ክብደት ነው። በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ መሠረት የባዶ ክብደቱ 1,600 ኪሎ ግራም ነው።

ልዩነቱ ተራ የቁጥር ጉዳይ አይደለም። የእኔን ጽሑፍ አምኖ በ2,100 ላይ ጭነት የሚጨምር ሰው ከገደቡ ያልፋል። መጫን የሚቻለው 500 ኪሎ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ሲሳፈሩ 375 ኪሎ ያልቃል፤ ለዕቃ የሚተርፈው 125 ኪሎ ነው። ጣሪያ ላይ የሚታሰረውም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ጣሪያው ደግሞ ከዚህ ያነሰ የራሱ የጭነት ገደብ አለው።

መኪናው ሲሞላ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት እየሄደ ሳለ ለማቆም ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል ባዶ ከሆነበት ጊዜ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል። ለሙሉ ጭነት የሚያስፈልገው የጎማ ንፋስ መጠን አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል።

የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።