«በጀት ተዘግቷል»

በቃ፣ ዛሬስ አንጀቴ አረረ። ለልጆቹ የኪነት ቡድን ብለን በጥቅምት ለመንግሥት ቢሮ ላስገባነው የድጋፍ ጥያቄ ዛሬ መልስ መጣ። ሰኔ 26! «በጀት ተዘግቷል፣ በሐምሌ እንደ አዲስ አስገቡ» ተባልን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚያልቅ የማያውቅ አለ? ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ወረቀታችን የት ተኝቶ ነበር?

እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር፣ 22 ልጆች አሉን። ቴአትር ያጠናሉ፣ ክራር ይማራሉ። የጠየቅነው የአዳራሽ ኪራይና ሁለት ስፒከር ነው። ሌላ ምንም! መጀመሪያ ማኅተም ጎደለ አሉን። አመጣን። የቀበሌ ደብዳቤ አሉን። አመጣን። ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ስብሰባው የሚያልቀው መቼ ነው?

በዓል ሲደርስ ግን ስልካችን አይጠፋቸውም። «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ መድረክ ክፈቱልን።» ለውሃ መግዣ እንኳ አይሰጡም። ልጆቹ በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ በእግራቸው ይመለሳሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሁላችንም ኮርተናል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ዜማውን ለነገ የሚያደርሰው ማነው? እነዚህ ልጆች አይደሉም እንዴ?

ክራር የምትጫወተው ልጅ ገና 14 ዓመቷ ነው። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ፈቀዱልን?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ነገ ልምምድ አለን። እንደገና እኔው ግቢ ውስጥ፣ ዝናቡ ከፈቀደ።