«ክኒኑን አትጀምሩ» የሚል ምክር የለም

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጅማ ውስጥ በባጃጅ ወደ ሂርማታ ገበያ እየሄድኩ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። የጤና ፕሮግራም ነው። እንግዳው የባህል መድኃኒት አዋቂ ተብለው የቀረቡ ሰው ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ ጠቤ ከተናገሩት ነገር ጋር ነው።

«ደም ብዛት ተገኘብህ ብትባል አትደንግጥ» አሉ። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ቀጠሉ። «ክኒኑን ግን እንዳትጀምር። አንዴ ከጀመርክ እስከ መቃብር አይለቅህም። ደሙ በዝቶና ወፍሮ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያቀጥነዋል። ኑሮህን አስተካክል፣ በቃ።» አቅራቢው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ አመሰገናቸው። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እውነታቸውን እኮ ነው ጋሼ፣ እናቴም ክኒኑን ብትተወው ሳይሻላት አይቀርም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የዚያ ልጅ ንግግር ነው። አንዲት እናት በሬዲዮ ወሬ መድኃኒቷን ልታቆም ነው።

በጣም ከሚያናድደው ልነሳ። ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት አይደለም። ስሙ አሳስቶናል። የደሙ መጠን አልጨመረም፣ አልወፈረምም። የጨመረው ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ይደድራሉ። ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ አብዝታ ትደክማለች። ሐኪሞች «ግፊት» የሚሉት ለዚህ ነው። ታዲያ ሎሚው የሚያቀጥነው ምኑን ነው? ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል። ጥቂት ይረዳል ብንል እንኳ የ170ን ግፊት 130 ላይ አያወርድም። ይህን በሬዲዮ መናገር ሰውን ማዘናጋት ነው።

«አይለቅህም» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። የማይለቀው ግፊቱ ነው፣ ክኒኑ አይደለም። ጅማ ውስጥ ጣሪያህ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ብታነሳ ዝናቡ ይገባል። ይሄኔ ቆርቆሮው ሱስ አስያዘኝ ትላለህ? አምሎዲፒን፣ እናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት የግፊት ክኒኖች ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች አይደሉም። ያቋረጠ ሰው ግፊቱ የሚመለስበት፣ ድሮም ስላልሄደ ነው። ተይዞ ነበር፣ ተለቀቀ።

ክኒን ባልነበረበት ዘመን ምን ይሆን እንደነበር እኮ እናውቃለን። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ በ63 ዓመታቸው ሞቱ። የዚያን ዕለት ግፊታቸው 300/190 ተለክቷል፤ የፊተኛው ቁጥር ልብ ደም ስትገፋ፣ የኋለኛው ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በዓለም ኃያል የተባለው ሰው ጨው ቀንሱ፣ ዕረፉ ከመባል ያለፈ ብዙ ነገር አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በዚያው አገር የታወቀ ጥናት ወጣ። ግፊታቸው በጣም ከፍተኛ የሆነ 143 ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እውነተኛ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ዋጡ። መድኃኒት ባልነበረበት ወገን 27 ሰዎች ከባድ የጤና አደጋ ደረሰባቸው። መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ 2 ብቻ። ይህ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እኔም የዛሬ ስምንት ወር ነው ያወቅኩት። 48 ዓመቴ ነው። ራስ ምታት የለኝ፣ ማዞር የለኝ። እናቴን ለማሳከም ሄጄ «አንተም ተለካ» ተባልኩ። 166/104። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ በሦስተኛውም ሄድኩ፤ ያው ነው። ከ140/90 በላይ በተለያየ ቀን ደጋግሞ ከተገኘ ግፊት ነው ይባላል። «ምንም አላመመኝም» አልኳቸው። ሐኪሟ «ሲያምህማ ኩላሊትህ ወይ አንጎልህ ተነክቷል ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜቴን መለኪያ አድርጌው አላውቅም።

አሁን ወደ «ኑሮህን አስተካክል» ልምጣ። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ለዚህም ነው በቀልድ ሲወራ የሚያመኝ። ኑሮ ማስተካከል የክኒን መሸሻ አይደለም። ከክኒን የከበደ ሥራ ነው። ክኒን መዋጥ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። ጨው መቀነስ ግን መላ ቤቱን መነካካት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል። አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኗ ነው። ለቀኑ በሙሉ፣ ለሁሉም ነገር። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት አንድ ትልቅ ሰው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ይበላል። እኔ የራሴን ቤት ቆጠርኩ። ከባለቤቴ ጋር አንድ ኪሎ ጨው ገዝተን ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፍን። አራት ነን። በ26 ቀን አለቀ። በነፍስ ወከፍ ከ9 ግራም በላይ ማለት ነው። በዚህ ላይ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውን፣ ሽሮው ሲፈጭ የገባውን፣ ከዳቦ ቤት የሚመጣውን፣ ቋንጣውን፣ ቆሎው ላይ የተነሰነሰውን አልቆጠርንም።

ቡናው ደግሞ አለ። ከተማ ውስጥ ስኳሩ ቢበዛም፣ ከጅማ ወጣ ስትል ቡና በጨው ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ ስንሄድ አቦል በጨው፣ ቶና በጨው፣ በረካ በጨው ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ቡናው ራሱ ለለመደው ሰው ይህን ያህል ጠላት አይደለም፤ ለመለካት ግማሽ ሰዓት ሲቀር አለመጠጣት ነው እንጂ። ጨዉ ነው ጉዳዩ። አማቴን «እማማ፣ የኔን ስኒ ያለ ጨው» ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ተቀየሙ። ምግባቸውን የናቅኩ መሰላቸው። ባለቤቴ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። አሁን የኔን ስኒ ለብቻ ያስቀምጡልኛል፤ የራሳቸውም ላይ መቀነስ ጀምረዋል።

ኑሮ ማስተካከል ይህ ነው። ወጡን የሚሠራው ሰው ካልገባው ለታማሚው «ጨው ቀንስ» ብሎ መላክ ከንቱ ነው። ስንቱ አባወራ ቀጠሮው ላይ ብቻውን ሄዶ፣ ብቻውን ሰምቶ፣ ቤቱ ሲገባ የቀረበለትን ይበላል? ጨው የምትጨምረው እጅ ናት መመከር ያለባት። በርበሬ ሲዘጋጅ፣ ሽሮ ሲፈጭ ያለ ጨው ይሁን። ማዕድ ላይ የጨው ዕቃ አይቅረብ። አቮካዶና ሙዝ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም የጨውን ጉዳት ያለዝባል። ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ በሬዲዮ ማውራት ይቻል ነበር። እንግዳው ግን «ኑሮህን አስተካክል» ብለው ወደ ሎሚያቸው ተመለሱ።

ስለ ጫትም አንድ ቃል አልወጣቸውም። ጅማ ተቀምጦ ስለ ግፊት እያወሩ ጫትን መዝለል እንዴት ይሆናል? ጫት ሲቃም የልብ ምት ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል። ጠዋት ክኒን ውጦ ከሰዓት በርጫ መቀመጥ በአንድ እጅ ገንብቶ በሌላው ማፍረስ ነው። ሲጋራውንም ጨምሩበት። አድማጭ እንዳይቀየም ተብሎ ከታለፈ፣ ፕሮግራሙ የጤና አይደለም።

እግርም አለ። ለእኔ ከአጂፕ ሰፈር ወደ ቤት በእግር መመለስ ሆነ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ቦት ጫማ ገዛሁ። ክብደቴ አምስት ኪሎ ወረደ። ያ ኪሎ ጨው አሁን 45 ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ወር ግፊቴ 132/84 ሆነ። ክኒኑንም እየዋጥኩ ነው። የትኛው አወረደው? ሁለቱም። መጀመሪያ ላይ አምሎዲፒኑ ቁርጭምጭሚቴን አሳብጦት ነበር። አላቆምኩም፤ ሄጄ ተናገርኩ፣ ተስተካከለልኝ። እናላፕሪልም ደረቅ ሳል የሚያመጣበት ሰው አለ። መፍትሔው መቀየር ነው፣ መጣል አይደለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ግፊቱ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ፣ ሌላ በሽታ የሌለበት ሰው ሐኪሙ ለጥቂት ወራት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብቻ ሊሞክርለት ይችላል። ያን የሚወስነው ግን እየለካ የሚከታተል ሐኪም ነው። የባጃጁን ሾፌር እናት ቁጥር እንግዳው አያውቁትም። 150 ትሁን 190 አያውቁም። ሳያውቁ ግን አትዋጪ አሏት።

ጾምም ማቆሚያ ምክንያት ሲሆን አያለሁ። ረመዳን ሲገባ ክኒኑን ለወር የሚያስቀምጡ ዘመዶች አሉኝ። በዐቢይ ጾምም እንዲሁ። አብዛኞቹ ክኒኖች በቀን አንዴ ናቸው። በፍጡር ሰዓት ወይም በሱሁር ይዋጣሉ፤ ጾመኛውም ሲፈታ ይወስዳል። ሰዓቱን ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

የእውነት መናደድ ያለብን በሌላ ነገር ነው። ካርድ ይዘህ፣ መድን ከፍለህ ትሄድና «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ትባላለህ። እኔም ተብያለሁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ያን ወር ይዘላል። ሬዲዮው በዚህ ቢጮህ አብሬው እጮሃለሁ። መድኃኒት ያጣውን ሰው «ባትወስድም ይሻልሃል» ብሎ ማጽናናት ግን በቁስሉ መቀለድ ነው።

ከባጃጁ ስወርድ ልጁን «እናትህን ዛሬውኑ ውሰዳትና አስለካት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ክኒኑን ግን እንዳታስቆማት» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። ጣቢያውም አንድ ሐኪም ያቅርብ። በዚያው በሐሙስ ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያህል ደቂቃ ሰጥቶ።