ቀይ ሸረሪትን የሚያራባው ርጭታችን ነው

ሰሞኑን ሰበታ አካባቢ ወይን ለምናለማ ሰዎች ስልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሰልጣኙ ስለ ቀይ ሸረሪት፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ ስለሚመጠው ደቃቅ ማይት፣ ሲጠየቁ «በየአስር ቀኑ መርጨት ነው» ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። ተባዩን እሱን በሚበላ ሌላ ማይት፣ በአዳኝ ማይት፣ ማስበላትስ ሲባሉ፣ እሱ የአበባ ኤክስፖርተሮች ቅንጦት ነው አሉ። ደግሞ ዛሬ ማይት የበላ ነገ ወይናችሁን እንደማይበላ ማን ዋስ ይሆናል አሉን።

እኔ ዋስ እሆናለሁ። ፋይቶሴይዩለስ ፐርሲሚሊስ የሚባለው አዳኝ የሚበላው ቀይ ሸረሪትንና የቅርብ ዘመዶቹን ነው። ቅጠል አያኝክም፤ ፍሬ አይነካም። የሚበላው ሲያልቅበት ይሰደዳል ወይም በረሃብ ያልቃል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ጀርመን ውስጥ ከተገኘ ጀምሮ ዓለም ሁሉ እየገዛ ይለቀዋል። ወይን በላ ብሎ የከሰሰው የለም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቀይ ሸረሪት ነፍሳት አይደለም፤ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ነው። ስለዚህ ገበሬው ከሱቅ የሚገዛው የነፍሳት መርዝ ብዙ ጊዜ አይገድለውም። የሚገድለው ጠላቶቹን ነው! በተለይ ፓይሪትሮይድ የሚባሉት መርዞች አዳኝ ማይቱንም ማይት የሚበላውን ጥንዚዛም ጠራርገው ይወስዳሉ። ድመቷን ገድሎ አይጥ በዛብኝ ማለት ማለት ይሄ ነው። አውሮፓ ይህን በራሷ ወይን ላይ አይታዋለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነ ዲዲቲ ሲገቡ፣ ድሮ ከቁም ነገር የማይቆጠረው ማይት ዋና ተባይ ሆኖ አረፈው። ነገሩ የረገበው መርዙን መርጠው ታይፍሎድሮመስ ፓይሪ የተባለው አዳኝ ወይኑ ላይ እንዲኖር ሲተዉት ነው። እሱ ማይት ሲጠፋ የአበባ ብናኝ እየበላ ይቆያል።

በየአስር ቀኑ የሚለውስ? በሞቃትና ደረቅ አየር ቀይ ሸረሪት ከእንቁላል ተነስቶ ለመውለድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። በየርጭቱ የሚተርፈው መርዙን የቻለው ነው። የሚወልደውም እሱ ነው። መርዝ በመላመድ ይህን ፍጥረት የሚስተካከል ተባይ እምብዛም የለም። ምክሩ መድኃኒት ሻጩን ይጠቅም ይሆናል። ገበሬውን ግን እንጃ።

መጋቢት ላይ ከፒስታው መንገድ ዳር ያለውን ወይን ሄዳችሁ እዩ። ቅጠሉ አቧራ ለብሷል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ስስ ድር አለው። ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ስታደርጉት ነጠብጣቦቹ መሄድ ይጀምራሉ። አቧራው ለማይቱ ይመቸዋል፣ አዳኙን ያደናቅፈዋል። መንገዱን ውሃ መርጨትና ቅጠሉን ማጠብ ስንት ብር ይፈጃል? በሐረጉ መሃል ሣር መተውስ? ስልጠናው ላይ ይህን ያነሳ አልነበረም።

ማይቱ ከበረታ የዘይት ወይም የሳሙና ርጭት አለ፤ የቅጠሉን ጀርባ ማግኘት አለበት እንጂ። ድኝም ይሠራል። ግን ሲደጋገም አዳኙንም ይጎዳል፤ ከዘይት ጋር ከተቀራረበ ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል።

ቅንጦት የተባለውን አዳኝ ማይት ደግሞ የአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች ከአስር ዓመት በላይ ሲለቁት ኖረዋል። ሰበታና ሆለታ ላይ የአበባ እርሻ ሞልቷል። የግብርና ቢሮው ገበሬውን በማኅበር አደራጅቶ ከነሱ ጋር በጋራ እንዲገዛ ቢያደርግ ምን ይከፍላል? ለስልጠናው አበል እኮ በጀት አልጠፋም።