ሮይ ኪን ቲቪ ላይ ምን ይሰራል?

ለገጣፎ እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት በየሃፍ ታይሙ የሚነሳ ጭቅጭቅ ነው፣ የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ አምበል ለተንታኝነት ይሆናል ወይስ አይሆንም። ዋናዎቹን ተከራካሪዎች፣ አንዱን የአርሰናል አንዱን የዩናይትድ ደጋፊ፣ ፃፉት ብለናቸው ይኸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

የአርሰናሉ፦ አማካይነቱን ማንም አልካደም፣ 7 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አለው አለቀ። ግን ተንታኝ ማለት እኔ ያላየሁትን የሚያሳየኝ ነው እሱ እኮ ፊቱን አኮሳትሮ አልሮጡም፣ ሰነፉ ምናምን ብሎ ነው የሚጨርሰው፣ እኛም ቲክቶክ ላይ ክሊፑን አይተን እንስቃለን። ይሄንንማ የአያት ታክሲ ረዳትም ይለዋል።

የዩናይትዱ፦ ረዳቱ ቱሪን ተጫውቷል እንዴ ወንድሜ? 1999 የቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ እዛው ቱሪን ዩቬንቱስ 2 ለ 0 እየመራ ኪን በቴስታ አገባ፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጫ አየ፣ ፋይናሉ እንዳመለጠው እያወቀ ጭራሽ ባሰበት፣ 3 ለ 2 አለቀ። ባርሴሎና ላይ ዋንጫው ሲነሳ ሱፍ ለብሶ ነበር ሰውዬው። እሱ አልሮጥክም ካለህ አልሮጥክም ነው በቃ።

የአርሰናሉ፦ ቱሪንን አውርተህ አየርላንድ ለዓለም ዋንጫ የተዘጋጀችባትን ደሴት ሳይፓንን ዘለልክ። 2002 ዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል ከአሰልጣኙ ማካርቲ ጋር ተጣልቶ ቤቱ ገባ፣ አየርላንድም ያለሱ ከምድቧ አልፋ በስፔን በፔናሊቲ ነው የወጣችው። አሰልጣኝ ሲሆንስ? ሰንደርላንድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገ እሺ፣ 2008 ላይ ለቆ ወጣ፣ ኢፕስዊች ደግሞ 2011 አሰናበተው። የሚያውቀውን ማስተማር ቢችል እዛ እናየው ነበር።

የዩናይትዱ፦ ሳይፓን ላይ እኮ የልምምድ ሜዳው ድንጋይ ነበር፣ ዕቃው በሰዓቱ አልደረሰም፣ ፌዴሬሽኑ ራሱ ያስጠናው ጥናት ዝግጅቱን ተችቷል። 2005 ላይም ሚድልስብሮ 4 ለ 1 ሲያሸንፈን በክለቡ ቲቪ ጓደኞቹን ወረፈ፣ እንዳይተላለፍ ተደረገ፣ ብዙም ሳይቆይ ከክለቡ ወጣ። ያኔ ያስባረረው ወሬ ዛሬ ስካይ ቲቪ ላይ ደሞዝ ይከፈልበታል፣ ሰውዬው አልተቀየረም።

የአርሰናሉ፦ እኔም የምለው ይሄንን ነው! ያኔ ሲናገር ቅዳሜ አብሯቸው የሚሸነፍ አምበል ነበር፣ አሁን የሚያጣው ነገር የለም።

የዩናይትዱ፦ 2005 መጀመሪያ ላይ ሜዳችሁ ሃይበሪ ቶኔል ውስጥ የእናንተው አምበል ቪየራ ላይ የጮኸ ቀንም የሚያጣው ነበረው፣ ወጥቶ እናንተን 4 ለ 2 አሸነፈ። ረሳኸው?

የአርሰናሉ፦ አልረሳሁም። የዛው ዓመት ኤፍኤ ካፕ ፋይናል፣ ኪንም ሜዳ ላይ ነበር፣ እናንተን ያሸነፍንባትን የመጨረሻዋን ፔናሊቲ ማን መታት?